ያልሳቅከው ሳቅ

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እያነበብከው ከሆነ ተቀመጥ። መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው፣ አውርደው። አሁን የምጽፍልህን ነገር ሁለት ጊዜ አንብበው፤ ካላመንከው አክስቴን ጥራትና ጮክ ብላ ታንብብልህ። ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ ጓደኛህ ሲያለቅስ አንተ አልሳቅክም። አልሳቅክም፣ አባዬ። ተነስተህ ነበር።

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልህ። ከደስታ ነው፣ ከሃፍረትም ነው፤ ሁለቱ ተደባልቀውብኝ የቱን እንደማስቀድም ጠፍቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመስኩም፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው የምወጣው፣ የቢሮው ሰው ሁሉ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎታል። ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። በስልክ ከሆነ ደስ የሚለውን ዘርግፌ የሚያሳፍረውን ውጬ እንደምቀር ራሴን አውቃታለሁ። ወረቀት ላይ ማምለጫ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ቁጣህን ብቻ እስከ መጨረሻው ገጽ ያዝልኝ።

የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቃችሁን ነገር ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ እንዴት እንዳየሁት ግን ነግሬህ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ በቀጥታ ከባንኮኒው ጀርባ እገባ ነበር። አንተና ጓደኛህ የአንዱን ቴሌቪዥን ጀርባ ከፍታችሁ፣ አንተ ካቻቢቴህን እሱ ቴስተሩን ይዞ፣ ግንባራችሁ ሊጋጭ እስኪደርስ አጎንብሳችሁ ትከራከራላችሁ። ቴስተሩ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ቴስተር ነበር የሚለው። የእኔ ሥራ ባትሪ መያዝ ነው። አንተ "ባትሪ ያዢዋ፣ ወደዚህ" ትለኛለህ፣ እሱ "ኧረ ወደኔ" ይለኛል፣ እኔ መሃል ቆሜ ብርሃኑን ለሁለታችሁም ለማዳረስ እጄ እስኪዝል እታገላለሁ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ አስፈላጊ ሰው የሆንኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ደንበኛ መጥቶ መልኩ ቢጫ ሆነ፣ ምስሉ ተንሻፈፈ ብሎ ሲያማርር የምትለው ነገር ነበረህ። ሳጥኑን በመዳፍህ መታ መታ እያደረግክ "እሱን አትውቀሰው፤ ሳጥን አይዋሽም፣ የላኩለትን ነው የሚያሳየው" ትላለህ። እኔ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ልቀጠር የፈለግሁት በዚህ ንግግርህ ነው። አንተ የሚቀበለውን ስትጠግን ኖረሃል፣ እኔ ደግሞ የሚልኩት ዘንድ ልሂድ አልኩ። የተቀጠርኩ ዕለት ለመንገደኛው ሁሉ "ልጄ ላኪዎቹ ጋ ገባች" ስትል ሰምቼሃለሁ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ እንጂ ልቤ ሊወጣ ነበር።

አሁን ወደ ሐሙሱ ፕሮግራም ልምጣ። የተኳረፉ ሰዎችን አምጥተን፣ ፊት ለፊት አስቀምጠን፣ መብራት አብርተን "እስቲ የልባችሁን አውሩ" የምንልበት ፕሮግራም ነው። እርቅ ይባላል፤ እኛ ግን ቢሮ ውስጥ የምንጠባበቀው እንባ ነው። እንባ ከመጣ አዘጋጁ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ "በቃ፣ የዚህ ሳምንቱ ተገኘ" ይላል። እንባ ካልመጣ ሰዎቹ ታርቀው ተቃቅፈው ቢሄዱ እንኳ ፊቱን እንዳጠቆረ ይውላል። እኔም ለምጄው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር፣ በኋላ እኔው ራሴ "የዛሬው እንግዳ ታለቅሳለች ወይ?" ብዬ የምጠይቅ ሆንኩ።

በዚያ ሳምንት ቀረጻው ሁለት ቀን ሲቀረው እንግዶቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ። አዘጋጁ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ይቆጣል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከልብ ጓደኛው ጋር ከተኳረፈ ሦስት ዓመቱ ነው አልኩት። ሱቁን ለሁለት ስትከፍሉ ክፉ ቃል መነጋገራችሁን፣ በዚያው ሰሞን የጋሼ ቴስተር ባለቤት ማረፏን፣ አንተ ከከተማ ወጥተህ አንቴና ስትተክል መርዶው ሳይደርስህ ቀብሯ ማለፉን፣ እሱ ግን ሆን ብለህ የቀረህ መስሎት እንደተቀየመህ፣ ሁሉንም ዘከዘክሁለት። የአዘጋጁ ዓይን በራ። አንተን ለምኜ ሳመጣህ "ለእርቅ ነው አባዬ" አልኩህ፣ እውነቴን ነበር። ከረዳት ኤዲተርነት ወጥቼ ዋና ኤዲተር መሆን መፈለጌም እውነት ነው። ይህኛውን አልነገርኩህም።

የሙያችንን አንድ ምስጢር ላውጣልህ። አንተ ስንቱን ሳጥን ሆዱን ከፍተህ አሳይተኸኝ እኔ ይችን እንኳ አላሳየሁህም። ቀረጻ ሳይጀመር፣ መብራት ሲስተካከል፣ ካሜራ ያዡ የእያንዳንዱን እንግዳ ፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀርጻል። እንግዳው አያውቅም። ጣሪያ ያያል፣ አንገቱን ያካል፣ ክራቫቱን ይነካካል። ይህን "መሸፈኛ" እንለዋለን። በኋላ ንግግሩን ቆርጠን ስንቀጥለው የተቆረጠበት ቦታ እንዳይታወቅ የዚያን ሰው ፊት እንለጥፍበታለን። አክስቴ ሶፋዋ ላይ ሆና "ሰውዬው እንዴት አድርጎ ነው የሚያዳምጠው" የምትለው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ማንንም እያዳመጠ አይደለም፤ ሻይ መቼ ይመጣል እያለ ነው።

የአንተም መሸፈኛ ተቀረጸ። ከጎረቤት በተዋስከው ክራቫት ታንቀህ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሃል። ዓይንህ ስቱዲዮውን ሲዞር፣ መብራቱን ሲቆጥር፣ ሽቦውን ሲከተል መጥቶ መጥቶ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ላይ ደረሰ። እኔ ከመስታወቱ ጀርባ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ሥራ ላይ አይተኸኝ አታውቅም ነበር። እጄን አወዛወዝኩልህ። ያኔ ሳቅክ፣ አባዬ፤ ያቺ የጎደለችው ጥርስህ እስክትታይ ድረስ ሳቅክ። ያ ሳቅ የእኔ ነው። ለእኔ ነው የሳቅከው።

ቀረጻው ሲጀመር ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ላኩኝ፣ ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ የሆነውን አላየሁም። በማግስቱ ጠዋት ሥራው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ጋሼ ቴስተር ስለ ባለቤቱ ሲያወራ ድምፁ ይቆረጥና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅሳል። ከዚያ አንተን ማሳየት አለብኝ። አንተን ስለያዘው ካሜራ የተጻፈው የዳይሬክተሩ ማስታወሻ ግን "ካሜራ ሁለት፣ ከሃያ አንደኛው ደቂቃ፣ አይሆንም፣ ይሸፈን" ይላል። አይሆንም የተባለን ቀረጻ ማን ከፍቶ ያያል? አልከፈትኩትም። በቀጥታ ወደ መሸፈኛህ ሄድኩ። በአንዱ ዓይንህን ጨፍነሃል፣ በአንዱ ምስሉ ደብዝዟል፣ በአንዱ ከክራቫቱ ጋር ትግል ላይ ነህ። መብራቱ ያማረበት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ያ ሳቅ። መጀመሪያውን ብቻ ቆርጬ አስገባሁ፣ ከንፈርህ ገና መነቃነቅ ሲጀምር ያለውን። የርኅራኄ ፈገግታ ይመስላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አዘጋጁ ከኋላዬ መጥቶ አየውና "አርዝሚው" አለኝ። አረዘምኩት። ሦስት ሰከንድ ሆነ። "ይሄ ሳቅ የዚህ ቦታ አይደለም" ማለት እችል ነበር። እኔ ግን "እሺ" አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ኖረኸዋል፣ እኔ ምን እነግርሃለሁ። ያቺ ሦስት ሰከንድ ከፕሮግራሙ ተገንጥላ በየስልኩ ዞረች። ዘፈን አስገቡባት፣ ጽሑፍ ለጠፉባት፣ "ሳቂታው" የሚል ስም አወጡልህ። ደንበኞችህ ሱቁ ደጅ ሲደርሱ መንገድ መቀየር ጀመሩ። እኔን ደግሞ ፕሮግራሙ በተመልካች ብዛት አንደኛ ወጣ ብለው ዋና ኤዲተር አደረጉኝ፣ ኬክ ቆረጡልኝ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ በስልኳ አንተን እያየች ከት ብላ ሳቀችና "ይሄን ሰውዬ አይተሽዋል?" ብላ አሳየችኝ። "አይቼዋለሁ" አልኳት። አብሬያትም ፈገግ አልኩ። ከሁሉም ይህችኛዋን ለመጻፍ ነው ብዕሬን ሦስቴ ያስቀመጥኩት።

ሱቁን ዘግተህ አክስቴ ዘንድ የሄድክ ጊዜ ለአየር ለውጥ ነው አልኩ፣ ለሰውም ለራሴም። አክስቴ ግን እየደወለች ትነግረኝ ነበር። ቴሌቪዥኗ ከተበላሸ አራት ወሩ፣ አንተ ደግሞ አልነካም እንዳልክ። ከሁሉ የባሰብኝ ያለፈው ወር የነገረችኝ ነው። "ተነስቼ የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቁጭ ብዬ ስስቅ ነበር። አእምሮዬ ከድቶኛል" ብለህ ሐኪም ዘንድ ልሂድ ማለትህን ነገረችኝ። አየህ የእኔን ጉድ? ያን ሳቅ በገዛ እጄ የለጠፍኩት እኔ፣ ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ፣ "ተነስቼ" ያልከውን ስሰማ ምስኪን አባቴ፣ እውነትም እየረሳ ነው ብዬ አዘንኩልህ። እኔው የቆረጥኩትን ምስል እኔው አመንኩት።

አሁን ወደ ሰኞ ደረስን። እስካሁን ከታገስከኝ ደስታው እየመጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከበር ጠባቂው ስልክ መጣ፣ አንድ ሽማግሌ ይፈልጉሻል አለኝ። ወረድኩ። ጋሼ ቴስተር እንግዳ መቀበያው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ካፖርቱን እንደለበሰ። ከሳ ብሏል፣ ግን ያው እሱ ነው። ሰላም ካለኝ በኋላ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ጽሕፈትህን ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ለእሱ ደብዳቤ መጻፍህን አልሰማሁም ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

"ወንድሜ፣ ባለቤትህን አንስተህ ስታለቅስ ስቄብሃለሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። እኔ ተነስቼ ወዳንተ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ግን ሌላ አሳየኝ፣ ቴሌቪዥን ደግሞ አይዋሽም። አርጅቻለሁና ይቅር በለኝ።"

ጋሼ ቴስተር ወረቀቱን ከእጄ መልሶ ወሰደና በጥንቃቄ አጠፈው። ከመጣለት ሁለት ወሩ ነው አለኝ። ሊመልስልህ ይጀምርና ይተወዋል። "ልጄ፣ ምን ብዬ ልመልስለት?" አለኝ። "ይቅር ብያለሁ እንዳልል ውስጤ እሺ አላለኝም። አላልኩም እንዳልል ደግሞ እንዲህ ብሎ የጻፈን ሰው..."

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ ያላደረግከውን አድርጌያለሁ ብለህ ይቅርታ ስትለምን፣ ያደረግኩት እኔ ኬክ በልቻለሁ። ግን ከሃፍረቱ መሃል አንዲት ቃል ብልጭ አለችብኝ፤ "ተነስቼ።" ለአክስቴ ተነስቼ፣ ለእሱም ተነስቼ። የሚረሳ ሰው ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። አይሆንም የተባለው ካሜራ ሁለት ትዝ አለኝ። "ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ እንዳይሄዱብኝ" ብዬው በሩጫ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

የማህደር ክፍሉን የሚጠብቁት እትዬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ደንቡ፣ ያልተላለፈ ቀረጻ ስድስት ወር ሲሞላው ይጥፋ ነው የሚለው። የእኛ ደግሞ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል። ቀኑን ስነግራቸው መዝገቡን ገለጡና ጠፍቷል ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ አለቀስኩም። እሳቸው አየት አደረጉኝና ዝቅ ባለ ድምፅ "የሚለቀስበት ነበር?" አሉኝ። አዎ፣ የሚለቀስበት ነው አልኩ። "እንግዲያ አላጠፋሁትም። የሰው እንባ ያለበትን እኔ አላጠፋም፤ መዝገቡ ላይ ጠፋ እላለሁ እንጂ። ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ። ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ። የስንቱን ሰው ልቅሶ በስድስት ካርቶን አስቀምጠውታል መሰለህ! ለአንተ ነገርኩህ፣ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ እንዳትል፤ ጡረታ በሰላም ይውጡ።

ከካርቶኑ የወጣውን የእኛን ቀረጻ ዲስክ እዚያው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። ሃያ አንደኛው ደቂቃ። ልንገርህ፣ በደንብ አዳምጠኝ።

ጋሼ ቴስተር ፊቱን ሲሸፍን፣ አንተ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጅህ ጨመቅከው። ከዚያ ተነሳህ። የማይክራፎኑ ሽቦ ኮትህን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንተ ልብም አላልከው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ካሜራ ያዡ ግራ ገብቶት ጀርባህን ይከተላል፣ ከመብራቱ ወጥተሃል፣ ምስሉ ጨልሟል። ግን እጅህ ይታያል። ቀኝ እጅህ ወደ ትከሻው ተዘርግቷል፣ ሊነካው አንድ ስንዝር ቀርቶታል። በዚህ መሃል የስቱዲዮ አስተባባሪው ሮጦ መጥቶ ክንድህን ያዘህና "አባት፣ ይቀመጡ፣ ከመብራት ወጥተዋል" አለህ። አንተ ዞር ብለህ ያየኸው አስተያየት! "ሰውዬው እያለቀሰ እኮ ነው" አልከው። ልጁ እንዳልገባህ ቆጥሮ "ገብቶኛል አባት፣ ግን አይታዩም" ብሎ መልሶ አስቀመጠህ። ተቀመጥክ። ከዚያ በዚያ በተዋስከው ክራቫት ዓይንህን ጠረግክ።

እትዬዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፣ ጮኼያለሁ መሰለኝ፣ ከጎን ቢሮ ሰው መጣ። አባቴ አልሳቀም! አባቴ አልረሳም! ምድር ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ስዞረው ነበር። ሐኪም ዘንድ መሄድህን ተወው፣ አባዬ። ከዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ትክክለኛውን የምታስታውሰው አንተ ብቻ ነህ። ካሜራ ያዡ አይቷል፣ አስተባባሪው አይቷል፣ ዳይሬክተሩ አይቷል፤ ለእነሱ ግን ከመብራት የወጣ አንድ እንግዳ ነበርክ፣ ምሳ ሳይደርስ ረሱህ።

ወደ ላይ ስወጣ ጋሼ ቴስተር ያስቀመጥኩት ቦታ ነበር። ጠረጴዛዬ ጋ ወስጄ፣ ወንበሬን ሰጥቼ አሳየሁት። መጀመሪያ አይቶ እንደጨረሰ "መልሺው" አለኝ። መለስኩት። አምስት ጊዜ አየው። ከዚያ "ይቀመጡ ሲባል ሰምቻለሁ" አለ። "እኔን መስሎኝ ነበር። በእንባዬ መሃል አፍሬ ነበር የተቀመጥኩት፤ ለካ ቀድሞም ተቀምጬ ነበር።" አጠገብህ የነበረው ሰው፣ በጆሮው የሰማው ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ሐሙስ ዕለት ቴሌቪዥኑን ሲያይ የራሱን ጆሮ ትቶ ሳጥኑን አመነ። አንተም የራስህን እግር ትተህ ሳጥኑን አመንክ። ሁለታችሁም ሳጥን ስትጠግኑ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ እኮ።

እጁን አንስቶ የኮምፒውተሬን ጀርባ እንደ ድሮው መታ መታ አደረገው። "የላኩለትን ነው የሚያሳየው" አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ማን ነው የላከው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ነገርኩት፣ ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ፣ ሳቁ ለማን እንደነበር ጭምር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። "ለአባትሽ ነግረሻል?" አለኝ። አልነገርኩም አልኩት። "እንግዲያ እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ። መጀመሪያ እሱን።" እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ሌላ ጥፋት ልጨምርልህ፣ ገና ትኩስ ነው፣ የትናንት ነው። አዘጋጁ ዘንድ ሄጄ የስህተት ማረሚያ በአየር ላይ እናውጣ አልኩት። ቀረጻውን ሲያይ ቅንድቡ ተነሳ፣ ጠረጴዛውን መታ አደረገ። ማረሚያ ምን ያደርጋል፣ ይህማ ልዩ ፕሮግራም ነው አለ፣ በቀጥታ ስርጭት። አንተን ምንም ሳይነግሩህ ያመጡሃል፣ ጋሼ ቴስተርን ከመጋረጃ ጀርባ ይደብቁታል፣ ምስሉ በትልቁ ይታያል፣ ከዚያ መጋረጃው ይከፈታል። እውነቱን ልንገርህ፣ ደሜ ሞቀ። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ቅደም ተከተሉን አወጣሁ። ወረቀቱ ላይ "የአባቴ ፊት፣ በቅርብ፣ እንባው እስኪወርድ" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ጽፌ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አይሆንም አልኩ። "ተመልካቹ እውነቱን የማወቅ መብት የለውም?" አለኝ። አለው፣ ግን አባቴን ሁለተኛ ሳያውቅ አታስቀርጸውም አልኩት። "ዋና ኤዲተር ያደረገሽ እኮ ያ ፕሮግራም ነው" አለኝ። አውቃለሁ አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ የተወኩለት አንድ ገጽ ብቻ ነው። ማረሚያው አንድ ደቂቃ ይሁን፣ ሙዚቃ አይኑረው፣ ካሜራ ሁለት ሳይቆረጥ ይታይ፣ "ሳቁን ከቦታው አንስቼ የለጠፍኩት እኔ ልጁ ነኝ" የሚለውን በድምፄ ላንብብ ይላል። ከሥሩም "አባቴ ከፈቀደ ብቻ" ብዬ ጽፌያለሁ። ፊቱ ያንተ ነው። ይታይ ካልክ እታገላለሁ፣ አይታይ ካልክ ማንም አያየውም። አዘጋጁ እሺ ይበል እምቢ ይበል ገና አላወቅኩም፣ ሊያባርረኝም ይችላል። የሚገርምህ ነገር፣ አልፈራሁም። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ይህን የምጽፍልህ እዚያው ዋና ኤዲተር ወንበሬ ላይ በምሳ ሰዓት ነው፣ ሳንድዊቼ አልተነካም።

ደብዳቤውን ነገ የሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ያደርስልሃል። ቅዳሜ ደግሞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንመጣለን። እንመጣለን ነው ያልኩህ፤ ጋሼ ቴስተር ትኬቱን ከእኔ ቀድሞ ቆርጧል፣ በመስኮት በኩል ነው የምቀመጠው ብሎም ከአሁኑ እየተከራከረኝ ነው። ቴስተሩን ይዟል። የአክስቴን ቴሌቪዥን ነገር ነግሬው "ፊውዙ ነው" ይላል፣ እዚህ ሆኖ ሳያየው። አንተ ፊውዙ እንዳልሆነ እንደምታስረዳው ተስፋ አደርጋለሁ። ካሜራ የሚይዝ ሰው የለም፣ ስልኬንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው የማደርገው። ዲስኩን አመጣለሁ፣ ለማየት ስትፈልግ እናያለን፣ ካልፈለግክም አንተ ቀድሞውኑ ታስታውሰዋለህ።

በሩ ላይ ብትጠብቀን ጋሼ ቴስተር ከእኔ ቀድሞ ወደ ግቢው ይገባል። እኔ አጥሩ ጋ እቆያለሁ። አንተ እንደዚያን ቀን ተነስና ሂድ። ሦስት እርምጃ ነው፣ አንድ ስንዝር ብቻ ነው የቀረህ፣ ይቀመጡ የሚልህ ማንም የለም።

ከዚያ በኋላ ቀና ብለህ እኔን ስታየኝ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳየኝ አላውቅም። ብትቆጣ ይገባኛል፣ ዝም ብትልም ይገባኛል። ያን የመስታወቱን ሳቅ ግን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። መሸፈኛህም ዲስኩ ላይ አለ፣ ከፊቱም ከኋላውም ምንም አልቆረጥኩም፣ መነጽርህ ላይ እጇን የምታወዛውዘው ልጅ እንደ ጥላ ትታያለች፤ እዚያ ነው ያስቀመጥኩት። ሌላ ካልሰጠኸኝ በእሱ እኖራለሁ።

የአክስቴን ቴሌቪዥን ጀርባ ስትከፍቱ መሃላችሁ የምቆምበት ቦታ ተዉልኝ።

ባትሪ ያዢህ